የግርጌ ማስታወሻ

ዶክተር ኸሊል አባ ራጎ ለውዝ አይወዱም፤
ጥርሳቸውም አይችል፣ ጨጓራቸውም አይፈቅድም።
ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣ ክፍል ሲጨርሱ፣
ሂርማታ ገበያ ወርደው ሲመለሱ፣
ሦስት ጥቅልል ለውዝ አለ በኪሳቸው፤
ፍሬው ለዘበኛው ልጆች፣ ወረቀቱ ለራሳቸው።

ጥቅልሉን ይፈቱታል፣ ጨውን ያራግፉታል፣
እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር በመዳፍ ይዳብሱታል።
የድሮ ነጋዴ መዝገብ ነው፣ ለመጠቅለያ የተቀደደ።
«ብርቄ፣ ነይ እስኪ፣ ዓይኔ ከዳኝ፤
ይሄ ሦስት ነው ስምንት?» ይሉኛል።

እኔ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ነኝ፤
መተየብ እንጂ ታሪክ ማንም አላስተማረኝ።
ግን ሃያ ሁለት ዓመት የሳቸውን ጽሑፍ ስመታ
በጣቴ ለመድኩት የዚህን አገር ባለዕዳ፣ የዚህን አገር ጌታ፤
አሞሌው በብር፣ ብሩ በሊሬ ሲተካ፣
ሊሬው ሄዶ ብሩ ሲመለስ፣
ደግሞ በኮታ ሰው ሲለካ።

ሌሎቹ ስለ ነገሥታት ይጽፋሉ።
እሳቸው ስለ ሚዛን።
«ዙፋን ይወድቃል፣ ፎቶ ይወርዳል ከግድግዳ፤
ሚዛኑ ግን ከቦታው አይነሳም፣
ከፋዩም ያው ባለዕዳ።»

የዕድሜያቸው ሥራ አንድ ጥያቄ ነበር፦
ፈረሱላ አሥራ ሰባት ኪሎ ከሆነ፣
የገበሬው ፈረሱላ ስለምን አሥራ ስምንት ተኩል ሆነ?
ያቺ ኪሎ ተኩል በየጆንያው የት ገባች?
የማንን ፎቅ ሠራች፣ የማንን ልጅ አስተማረች?

ሠላሳ ዓመት ተከተሏት፤
ከማና እስከ ሊሙ፣ ከጌራ እስከ አጋሮ፣
ሽማግሌ ሲጠይቁ ጭቃ ላይ ተቀምጠው ከጓሮ።
አንዱ ሹም «የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ጠፋ» አላቸው ሦስት ክረምት፤
ሌላው «ከየትኛው ወገን ነዎት?» አላቸው።
«ከኪሎ ተኩሏ» አሉ፤ ሳቁባቸው በአንድነት።

ባለፈው ግንቦት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
ጥቅልሉን ፈቱ፤ ለውዙ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ አልለቀሙትም።
ዝም አሉ። እንደዚያ ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም።
ሰማያዊ ቀለም፣ ሁለት ዓምድ፦
በግራ ሚዛኑ ያለው፣ በቀኝ ለገበሬው የተነገረው፣
መሃል ላይ ልዩነቱ፣ በቀይ የተሰመረው፤
ከግርጌ ፊርማ፣
እግሯ እንደ መንጠቆ የታጠፈች «ራ»።
«ይቺን ራ» አሉኝ፣ «ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ
እጄን ይዞ ያስጻፈኝ እሱ ነው። አባባ።»

ኪሎ ተኩሏን አገኟት፤
የመጀመሪያ ጫማቸው ሆና፣ የአዳሪ ቤት ክፍያቸው፣
ባሕር ማዶ የወሰደቻቸው ቲኬት፣ ዶክተር የምትለው ስማቸው።

ሦስት ሐሙስ ገበያ አልወረዱም። እኔም አልጠየቅኩም።
አንዲት ቅዳጅ ናት፣ አልኩ በሆዴ፣ ማንስ ያውቃል?
ለውዝ ሻጯም የቀረውን ጠቅልላ ጨርሳዋለች፤
አንድ ክብሪት ይበቃል።

ጡረታቸው ሳምንት ሲቀረው መጡ፤ ባርኔጣቸው ጠብ ጠብ ይላል።
«ምዕራፍ ሰባት፣ ግርጌ፣ ቁጥር አርባ አንድ። ጻፊ፣ አንድ ነገር ይቀራል፦
የሚዛን ጸሐፊው አባ ራጎ ናቸው፤
የዚህ ጥናት አቅራቢ አባት።»

«ሌላስ?»
«ሌላ የለም።»
«'ያኔ ሁሉም እንዲህ ነበር' የምትል፣ አንዲት ማለዘቢያ ዓረፍተ ነገር?»
«ለሌሎቹ ጽፌላቸው ነበር?»
ገጹን ወደ ኋላ ፈለግኩ። አልጻፉም ነበር።

መታሁት። አራት ነጥብ እስካደርግ ቆመው ጠበቁኝ፤
አንድ ጸሐፊ ስለ አንድ ጸሐፊ ለአንዲት ጸሐፊ ሲናገር
ክፍሉ ምን ያህል እንደሚጠብ ያን ዕለት አወቅኩ።

በሽኝቱ ጋቢ አለበሷቸው፣ ሰዓትም ሸለሟቸው፤
ዲኑ «ሕያው መዝገብ» አሏቸው።
በማግሥቱ ሐሙስ ነበር። ተከትዬ ወረድኩ።
ለውዝ ሻጯ በጣሳ ሰፈረች፣ ጠቀለለች በነጭ ወረቀት፤
መዝገቡ አልቋል።
ከዚያ አንድ ጭብጥ ጨመረችላቸው።
«ይሄስ?» አሏት።
«ምርቃት።»

ቆመው አንዲት ፍሬ በሉ።